የጥንቷ ግብፅ ቅርሶች በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሜትሮፖሊታን ሙዚየምን የግብፅ ክፍል ለመጎብኘት ላሰቡ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙዚየሙ የት ነው? የግብፅ ቅርሶቹስ በየት በኩል ናቸው?

ሰው ባጭሩ «ሜት» የሚለው ይህ ሙዚየም የተመሠረተው በ1870 ነው። ማንሃተን ውስጥ፣ በአምስተኛው ጎዳና በ82ኛው መንገድ፣ ጀርባውን ለሴንትራል ፓርክ ሰጥቶ ቆሟል። በ4፣ በ5 ወይም በ6 ቁጥር ባቡር መጥተው 86ኛ መንገድ ላይ ከወረዱ ጥቂት በእግር መሄድ ብቻ ይቀርዎታል። ለግብፅ ራሱን የቻለ ክፍል የተቋቋመው በ1906 ሲሆን፣ ዛሬ ከ26 ሺህ በላይ ዕቃዎች አሉት፤ ከድንጋይ ዘመን መሣሪያ ጀምሮ እስከ ሮማውያን ዘመን ድረስ።

የፊት ለፊቱን ደረጃ ወጥተው ወደ ትልቁ አዳራሽ ሲገቡ ወደ ቀኝ ይታጠፉ። ከድንጋይ የተሠራ የመቃብር ቤት ፊትዎ ተደቅኖ ካዩ ደርሰዋል ማለት ነው። ደረጃ ለሚከብደው ሰው ወይም የልጅ ጋሪ ለሚገፋ፣ በ81ኛው መንገድ በኩል ደረጃ የሌለው በር አለ።

መግቢያው ስንት ነው?

ለአዋቂ 30 ዶላር፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው 22 ዶላር፣ ለተማሪ 17 ዶላር ነው። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። ዋጋ ስለሚቀያየር ከመነሣትዎ በፊት የሙዚየሙን ድረ ገጽ ይመልከቱ።

የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ነዋሪ ግን መታወቂያውን አሳይቶ የፈቀደውን ያህል ብቻ መክፈል ይችላል። የኒው ዮርክ፣ የኒው ጀርሲና የኮነቲከት ተማሪዎችም እንዲሁ። እዚህ ላይ የኛ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ «አምስት ዶላር ብሰጥ ምን ይሉኛል» እያለ ሙሉውን ይከፍላል፣ ወይም ጭራሹን ይቀራል። ሕጉ ለነዋሪው የተሰጠ መብት ነው፤ ቲኬት ቆራጩም ፊትዎን አያይም፣ ጥያቄም አያነሣም። ከዋሽንግተን፣ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ የሚመጣው ግን ሙሉውን ይከፍላል።

መቼ ብሄድ ይሻላል? ምን ያህል ሰዓትስ ይፈጃል?

ረቡዕ ዝግ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ይያዙት፦ ረቡዕ ዝግ ነው። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ እስከ ማታ 3 ሰዓት ይከፈታል (በኛ አቆጣጠር)። በምስጋና ቀን፣ በፈረንጆቹ ገና፣ በአዲስ ዓመታቸውና በፈረንጆቹ ሜይ ወር የመጀመሪያ ሰኞ አይከፈትም።

ለግብፅ ክፍል ብቻ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይያዙ። እኔ የምመርጠው ዓርብ ማታን ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ጉብኝት ጨርሰው ሄደዋል፣ የቤተ መቅደሱ አዳራሽ ጸጥ ይላል፣ በመስታወቱ ግድግዳ ላይ ብርሃኑ ሲቀየር ይታያል።

ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል? ቦርሳዬንስ ይዤ መግባት እችላለሁ?

ለራስዎ ከሆነ ያለ ፍላሽ ማንሳት ይችላሉ። የካሜራ ማቆሚያና የሰልፊ ዘንግ አይፈቀድም። የጀርባ ቦርሳ በእጅ ወይም በደረት በኩል ይያዛል፤ የጉዞ ሻንጣ ግን አይቀበሉም፣ ስለዚህ ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ ከነሻንጣዎ አይምጡ። መሳል የሚወድ ልጅ ካለዎት እርሳስና ደብተር ይያዝ፤ ብዕርና ቀለም አይፈቀድም።

መንካት ክልክል ነው። የድንጋዩን ሐውልት ምን ይጎዳዋል የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ግን የእጅ ወዝና ላብ በሺዎች ሲባዛ የድንጋዩን ገጽ ያጠቁረዋል፣ ይበላዋልም።

ሁሉንም ማየት እችላለሁ? ከየት ልጀምር?

በአንድ ቀን ሁሉንም ማየት አይቻልም፤ ለማየት የሞከረ ሰው ምንም ሳያይ ደክሞ ይወጣል። አምስት ነገር መርጦ እያንዳንዱ ፊት አሥር ደቂቃ መቆም ይሻላል። የኔ አምስቶቹ የፐርነብ መቃብር፣ የመኬትሬ የእንጨት ቤቶች፣ ሰማያዊው ጉማሬ፣ የሐትሼፕሱት ሐውልቶችና የደንዱር ቤተ መቅደስ ናቸው።

ፐርነብ መግቢያው ላይ ነው። ከ4300 ዓመት በፊት የኖረ የቤተ መንግሥት ሹም ሲሆን፣ መቃብሩ ሳቃራ ከሚባለው ቦታ ድንጋይ በድንጋይ ተፈትቶ በ1913 ወደ ኒው ዮርክ መጥቷል። ወደ ውስጥ መግባት ይቻላል። ከድንጋይ የተቀረጸውን የማይከፈት በር ልብ ይበሉ። ቤተሰቡ እንጀራና መጠጥ እያመጣ ፊቱ ያስቀምጥ ነበር፤ የሟቹ ነፍስም በዚያ በር ወጥታ ትመገባለች ተብሎ ይታመን ነበር።

ልጆች ይዞ መሄድ ይሆናል? አይፈሩም?

ይሆናል። አብዛኛው ልጅ ከሙሚው፣ ማለትም እንዳይበሰብስ ተሰናድቶ ከተቀበረው አስከሬን፣ ይልቅ የሚፈራው መሰልቸትን ነው፣ ስለዚህ አንድ የሚፈልገው ነገር ይስጡት። በጣም የሚመቸው «ዊሊያም» በሚል ስም የታወቀው ሰማያዊ ጉማሬ ነው። ቁመቱ ትንሽ፣ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ዕድሜው ወደ 3900 ዓመት ነው። የተሠራው ፋያንስ ከሚባል፣ ከተፈጨ አሸዋ መሰል ድንጋይ ተጋግሮ ከሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ሰውነቱ ላይ የውሃ አበባ ተስሎበታል፤ የሚኖርበት ረግረግ በቆዳው ላይ የበቀለ ይመስላል።

ልጁን «ከአራቱ እግሮች የጥንቱ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁት። ሦስቱ በዘመናችን የተጠገኑ ናቸው። ሲቀበር ሆን ተብሎ ተሰብረው ነበር፤ ጉማሬ በዓባይ ላይ ጀልባ የሚገለብጥ፣ ሰው የሚገድል አውሬ ስለሆነ፣ በወዲያኛው ዓለም ተነሥቶ ሟቹን እንዳይጎዳው ተሰግቶ ነው። ጣና ዳር ወይም አዋሽ ዳር ያደገ ሰው ይህን ስጋት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የንጉሥ ቱታንካሙን የወርቅ ጭምብል እዚያ አለ?

የለም። ጭምብሉ ያለው በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ በተሠራው በታላቁ የግብፅ ሙዚየም ነው። የግብፅን ጥንታዊ ጽሑፍ ለመፍታት የረዳው የሮዜታ ድንጋይ ለንደን፣ የንግሥት ነፈርቲቲ የፊት ቅርጽ ደግሞ በርሊን ይገኛሉ። ለነዚህ ሲሉ ኒው ዮርክ እንዳይመጡ።

ሆኖም ሜት ውስጥ ከዚያው ንጉሥ ቀብር የተረፈ አንድ ነገር አለ፤ እኔን ከወርቁ የበለጠ የሚነካኝ እሱ ነው። መቃብሩ በ1922 ከመገኘቱ 15 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ከዚያው ሸለቆ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ የንጉሡ አስከሬን ሲሰናዳ የተረፈ ዕቃ ተገኝቶ ነበር። ከዕቃዎቹ መካከል በአበባና በቅጠል የተሰፉ የአንገት ጌጦች አሉ። የአንድ ቀን አበባ ነው፤ ግን 3300 ዓመት ቆይቶ ዛሬም የቅጠሉ ጅማት ይታያል።

መኬትሬ ማን ነው? ለምን የእንጨት ዳቦ ቤትና በረት ከሱ ጋር ተቀበረ?

መኬትሬ ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት በቴብስ የኖረ ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ነው። በ1920 የሙዚየሙ ቆፋሪዎች መቃብሩን ሲጠርጉ፣ ከዚያ በፊት ሌባ ያልነካው አንድ ድብቅ ክፍል አገኙ። ውስጡ 24 የእንጨት ሞዴሎች ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ካይሮ ቀሩ፣ ቀሪዎቹ እዚህ መጡ።

ከሞዴሎቹ ፊት ተንበርክከው ይመልከቱ፣ በአዋቂ ቁመት ሲታዩ ብዙ ነገር ይደበቃል። ጎተራው ውስጥ ሰዎች ጆንያ ተሸክመው ደረጃ ይወጣሉ፣ በር ላይ ጸሐፊዎች ተቀምጠው እህሉን ይመዘግባሉ። በረቱ ውስጥ በሬዎች ይቀለባሉ። ዳቦ ቤቱና የመጠጥ ቤቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፣ ምክንያቱም የግብፅ ጠመቃ የሚጀምረው ከዳቦ ነው። ብቅልና ቂጣ ፈርፍራ ጋን ውስጥ ስትጨምር እናቱን አይቶ ያደገ ሰው እነዚያን ትንንሽ ሰዎች ሲያይ የሚሠሩት ምን እንደሆነ ጽሑፉን ሳያነብ ያውቃል። ጌሾው ብቻ ይቀራል።

ለምን ተቀበሩ ለሚለው፣ ግብፃውያን ሞትን እንደ ጉዞ ያዩት ነበር። መንገደኛ ስንቅ ያስፈልገዋል። እውነተኛ እህል ይነቅዛል፣ እውነተኛ ዳቦ ይሻግታል፤ ጋጋሪው ግን በእንጨት ከተቀረጸ ለዘላለም ይጋግራል። በዚህ ክፍል ውስጥ ሞት ሞት የሚል ነገር ፍለጋ የሚመጣ ሰው ያዝናል፤ የሚያገኘው የአንድ ባለጸጋ ቤት የማክሰኞ ጠዋት ሥራ ነው።

ሙሚዎቹ እውነተኛ የሰው አስከሬኖች ናቸው?

ናቸው። የሚታዩት ግን ተገልጠው አይደለም፤ በበፍታ እንደ ተጠቀለሉ ናቸው። በፍታው የሚሠራው እኛ ፍሬውን ከምንበላው ከተልባ ግንድ ነው። ፊታቸው ላይ ጭምብል፣ በሮማውያን ዘመን ደግሞ በእንጨት ላይ የተሳለ መልክ ይደረግላቸው ነበር። እነዚያን ሥዕሎች ሳያዩ እንዳይወጡ። ትላልቅ ዓይኖቻቸው በቀጥታ ሰው ላይ የሚያርፉበት መንገድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካደግንባቸው ሥዕሎች ጋር ያመሳስላቸዋል።

ሥራው 70 ቀን ይፈጅ ነበር። የሆድ ዕቃው ይወጣል፣ አንጎሉ በአፍንጫ በኩል ይጎተታል፣ ልብ ግን በቦታው ይተዋል፤ ሰው በወዲያኛው ዓለም የሚመዘነው በልቡ ነው ተብሎ ስለሚታመን። ከዚያ ናትሮን በሚባል ጨው መሰል ማዕድን ውስጥ 40 ቀን ያህል ይደርቃል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 50ን ያነበበ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ያውቃቸዋል። የዮሴፍን አባት ያዕቆብን ባለ መድኃኒቶች ሲያሹት 40 ቀን ሞላ፣ ግብፃውያንም 70 ቀን አለቀሱለት። ዮሴፍ ራሱም እንዲሁ ታሽቶ በሣጥን ተቀመጠ።

አራቱ ባለ ክዳን ማሰሮዎች ለጉበት፣ ለሳንባ፣ ለጨጓራና ለአንጀት ናቸው። በኋለኛው ዘመን ክዳኖቻቸው የሰው፣ የዝንጀሮ፣ የቀበሮና የጭልፊት ራስ አላቸው። እዚህ ስፍራ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ልጆችንም ያስለምዱ። ስማቸው የሚታወቅ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውም እንዲጠራ ይፈልጉ ነበር፣ ጽሑፉ ላይ ካገኙት ይጥሩላቸው።

የደንዱር ቤተ መቅደስ እውነተኛ ነው ወይስ ተመስሎ የተሠራ? እንዴት አሜሪካ ደረሰ?

እውነተኛ ነው። ቀድሞ የነበረው በኑብያ ምድር፣ ከአስዋን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ በዓባይ ዳር ነው። ያሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15 ዓመት ገደማ አውግስጦስ ቄሣር ነው፤ በሉቃስ ወንጌል ዓለም ሁሉ እንዲጻፍ ትእዛዝ ያወጣው ያው ቄሣር። ግድግዳው ላይ እንደ ፈርዖን ለብሶ ለግብፅ አማልክት መሥዋዕት ሲያቀርብ ተቀርጿል። ቤተ መቅደሱ የተሠራው ለኢሲስና ለኦሲሪስ፣ እንዲሁም አማልክት ተደርገው ለሚከበሩ ሁለት ወንድማማቾች፣ ለፔዴሲና ለፒሆር ነው፤ የኑብያ አለቃ ልጆች ናቸው።

በ1960ዎቹ የአስዋን ታላቁ ግድብ ሲሠራ ያ ሸለቆ ሁሉ ሐይቅ ሊሆን ሆነ። በዩኔስኮ ጥሪ ብዙ አገሮች ቅርስ ለማዳን ተረባረቡ። አሜሪካ ለሰጠችው እርዳታ ግብፅ በ1965 ይህን ቤተ መቅደስ አበረከተች። ከ800 ቶን በላይ የሚመዝነው ድንጋይ በ661 ሣጥን ታሽጎ በመርከብ ተሻገረ። ዋሽንግተን ለሚኖሩ ወገኖቼ የምነግራቸው ነገር አለ፦ አንዱ ሐሳብ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ይተከል የሚል ነበር። ኒው ዮርክ ያሸነፈው በቤት ውስጥ አኖረዋለሁ ስላለ ነው፤ የአሸዋ ድንጋይ የዚያን አገር ብርድና ዝናብ አይችልም። አዳራሹ በ1978 ተከፈተ። ፊት ለፊቱ ያለው ኩሬ የዓባይ ምሳሌ ነው።

ከግድግዳው ግርጌ የተቀረጹትን ተክሎች ጎንበስ ብለው ይዩ። ደንገልና የውሃ አበባ ናቸው። ደንገሉ ያው የጣና ታንኳ የሚታሰርበት ነው፣ የዓባይም ውሃ ከዚያው ሐይቅ የሚወጣ ነው። ከዚያ ወደ በሩ ይሂዱና ከቅርጹ መካከል መስቀልና የቅብጥ ጽሑፍ ይፈልጉ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መቅደሱ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኞች የቧጠጡት ስምም አለ፤ የሚያሳዝን ነገር ነው፣ ግን እሱም አሁን የድንጋዩ ታሪክ አካል ሆኗል።

የአማልክት ምስል ማየት ለክርስቲያን ወይም ለሙስሊም ነውር አይሆንም?

ይህን ጥያቄ ከእናቶች ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ በቀና ልብም የሚጠየቅ ነው። በሙዚየሙ ውስጥ የሚሰግድ፣ የሚሳለም፣ የሚያጥን የለም። ሰው የሚያየው የሌላ ሕዝብ እምነት ምን ይመስል እንደነበር ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ሙሴ የግብፅን ጥበብ ሁሉ እንደ ተማረ ይናገራል፤ በቁርኣንም የፈርዖን ታሪክ ደጋግሞ ይነሣል። ሁለቱም መጻሕፍት የሚተርኩት ዓለም ምን ይመስል እንደነበር ለልጅ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ልቡ ያልፈቀደለት ሰው ግን አይገደድ፤ ውጪ ባለው መናፈሻ ቢጠብቅ ምንም አይደለም።

ሒሮግሊፍ (የጥንት ግብፃውያን የሥዕል ጽሑፍ) እንዴት ይነበባል? ከኛ ፊደል ጋርስ ዝምድና አለው?

ንባቡ የሚጀምረው ሰዎቹና እንስሶቹ ፊታቸውን ካዞሩበት በኩል ነው። ወፏ ወደ ቀኝ ካየች ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። በሞላላ ክብ የተከበበ ቃል ካዩ የንጉሥ ስም ነው። ምስጢሩን በ1822 የፈታው ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን ነው፤ ከረዱት ነገሮች አንዱ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ የሆነውን ቅብጥኛን ማወቁ ነበር።

ዝምድናው አለ፣ ግን ሩቅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ሺህ ዓመት፣ በሲናና በግብፅ ይሠሩ የነበሩ ሴማውያን ከሒሮግሊፍ ጥቂት ሥዕሎች ወስደው፣ በራሳቸው ቋንቋ ስም አውጥተውላቸው፣ የስሙን የመጀመሪያ ድምፅ ብቻ መጻፊያ አደረጉት። ከዚያ ፊደል የደቡብ ዓረቢያው፣ ከደቡብ ዓረቢያውም የግእዙ መጣ። ስሞቹ ዛሬም በአፋችን አሉ። የ«በ» ስም «ቤት» ነው፣ ሥዕሉም ቤት ነበር። የ«መ» ስም «ማይ» ነው፤ ሥዕሉ የውሃ ሞገድ ነበር። «ዐ» ዐይን ናት፤ ክብነቷን ያየ አይጠራጠርም። «ረ» ርእስ፣ «የ» «የማን»፣ ማለትም ቀኝ እጅ። በግብፅ ጽሑፍ ላይ ያንን የተሰበረ የሞገድ መስመር በየቦታው ያገኙታል። ለልጅዎ አሳይተው «ይህ የመ አያት ነው» ይበሉት፤ ሀ ግእዝ ለመማር የሰነፈ ልጅ እንኳ ዘወር ብሎ ያያል።

የብዙዎቹ ሐውልቶች አፍንጫ ለምን ተሰበረ? ጥቁርነታቸውን ለመደበቅ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ይህ ወሬ በሰፊው ይዞራል፤ ለምን እንደሚዞርም ይገባኛል። አውሮፓውያን የግብፅን ታሪክ ከአፍሪካ ነጥለው ለመጻፍ ብዙ ደክመዋል፣ ያን የሚያውቅ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ነገር ግን አፍንጫዎቹን በተመለከተ መልሱ ሌላ ነው። አብዛኛው ስብራት የደረሰው አውሮፓውያን ቅርስ መሰብሰብ ከመጀመራቸው ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው።

ለግብፃዊው ሐውልት ምስል ብቻ አልነበረም፤ ነፍስ ልታድርበት የምትችል አካል ነበር። አካል የሚኖረው ደግሞ በትንፋሽ ነው። አፍንጫውን የሰበረ ሰው ሐውልቱን ገደለው። ጠላቱን ወይም የቀድሞውን ንጉሥ ለመጉዳት፣ መቃብር የዘረፈም ሌባ በቀልን ፈርቶ፣ ኋላም ክርስቲያኖች ጣዖት ነው ብለው ይህን አድርገዋል። ምስክሩ በዚያው ሙዚየም አለ። በጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ፊት ወድቆ አፍንጫው ሊሰበር አይችልም፤ ሆኖም አፍንጫው ላይ ብቻ የተመታ ቅርጽ ያገኛሉ። በእርግጥ ሐውልት ሲወድቅ አስቀድሞ የሚመታው የወጣው ነገር ስለሆነ በአደጋ የጠፋም አለ።

ጺም ያላት ንግሥት ማን ናት? መርከብ የላከችባት የጥንቷ ፑንት አገር ኢትዮጵያ ናት?

ሐትሼፕሱት ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1479 እስከ 1458 ገደማ ገዛች። ፈርዖን መሆን የወንድ ማዕረግ ስለነበር የንግሥናውን ሰው ሠራሽ ጺምና ልብስ እንዳለ ለበሰችው፤ ጽሑፎቿ ግን ሴትነቷን አልደበቁም። ከሞተች በኋላ ተከታይዋ ሦስተኛው ቱትሞስ ሐውልቶቿ እንዲፈርሱ አደረገ። የሙዚየሙ ቆፋሪዎች በ1920ዎቹ ስብርባሪዎቹን በዴር ኤል-ባሕሪ ከጉድጓድ አውጥተው ገጣጠሟቸው። አዳራሹ ውስጥ ሲቆሙ የተሰፋበትን መስመር ይፈልጉ፤ አንገት፣ ወገብ፣ ጉልበት።

ወደ ፑንት የላከችው መርከብ ታሪክ የተቀረጸው ግብፅ ባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ነው። ከነሥራቸው በቅርጫት የተጫኑ የከርቤ ዛፎች፣ ዝሆን ጥርስ፣ ዞጲ፣ ዝንጀሮዎች ይታያሉ፤ የፑንት አለቃ ፓሬሁና ሚስቱ አቲም አሉ። ፑንት በትክክል የት ነበረች በሚለው ላይ ሊቃውንት ሲከራከሩ ኖረዋል። በ2020 እና በ2023 የወጡ የዝንጀሮ ሙሚ ጥናቶች የእንስሳቱን አመጣጥ ወደ ቀይ ባሕር ደቡብ፣ ወደ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና አካባቢው ያመለክታሉ። ስለዚህ «ፑንት ኢትዮጵያ ናት» ብሎ በዛሬ ድንበር መናገር ይከብዳል፤ የዕጣንና የከርቤ አገራችን ክልል ውስጥ ነበረች ማለት ግን በቂ ማስረጃ አለው።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» ፈርዖን ነበር?

አዎን። ታሃርቃ ይባላል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ690 እስከ 664 ገደማ ግብፅን ገዝቷል። እሱና ዘመዶቹ የኩሽ ነገሥታት፣ በቁጥር 25ኛው ሥርወ መንግሥት፣ ናቸው። አገራቸው ከግብፅ በስተ ደቡብ፣ የዛሬዋ ሱዳን ሰሜን ነው። ግሪኮች ከግብፅ በታች ያለውን አገር ሁሉ «ኢትዮጵያ» ይሉት ስለነበር ስሙ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ለኩሽ ተሰጠ። ሙዚየሙ ከዚያ ዘመን የኩሽ ንጉሥ ተንበርክኮ የሚያሳይ ትንሽ የነሐስ ምስል አለው፤ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ያህል ስለሆነ ሰው ያልፈዋል፣ እርስዎ እንዳያልፉት።

እነዚህ ቅርሶች ተዘርፈው አይደለም የመጡት?

አክሱምንና መቅደላን የሚያስብ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይወጣም፣ መጠየቅም አለበት። መልሱ እንደ ዕቃው ይለያያል። ደንዱር ስጦታ ነው። ፐርነብ ከግብፅ መንግሥት የተገዛ ነው። መኬትሬን የመሰሉት በ«ክፍፍል» የመጡ ናቸው፤ የቆፈረው ቡድን ካገኘው ከፊሉን እንዲወስድ የዚያን ጊዜው ሕግ ይፈቅድ ነበር። ሙዚየሙም ከ1906 ጀምሮ 30 ዓመት ያህል ቆፍሯል። ሕጋዊ ነበር። ግን ግብፅ ከ1882 ጀምሮ በእንግሊዝ ጦር ሥር ነበረች፣ የቅርስ መሥሪያ ቤቷንም የሚመሩት ፈረንሳውያን ነበሩ። በሕጉ ላይ የግብፃዊው ድምፅ ትንሽ እንደነበር ማወቅ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ግብፅ ቅርስ ከአገር መውጣቱን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በ1983 ነው።

በግልጽ የተሰረቀም ነበር። በ2017 ሙዚየሙ ነጀምአንክ የተባለ ካህን በወርቅ የተለበጠ የሬሣ ሣጥን በ4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ሲመረምረው በ2011 ግርግር ወቅት ከግብፅ የተሰረቀና በሐሰተኛ የመውጫ ፈቃድ የተሸጠ ሆኖ ተገኘ። በ2019 ለግብፅ ተመለሰ። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ ከሮም እስኪመለስ 2005 መድረሱን ለምናስታውስ፣ ሁለት ዓመት አጭር ጊዜ ነው።

እያንዳንዱን ዕቃ ራስዎ መመርመር ከፈለጉ ከመግለጫው ግርጌ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። የመጀመሪያው ቁጥር ሙዚየሙ ዕቃውን ያገኘበት ዓመት ነው። የጉማሬው 17.9.1 ሲሆን በ1917 የገባ ማለት ነው፤ የቅርብ ጊዜዎቹ በአራት አኃዝ ይጀምራሉ። ቁጥሩን በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡ ብዙዎቹ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፉ ይዘረዘራል። ሲወጡ ደግሞ ወደ ሕንፃው ጀርባ፣ ወደ መናፈሻው ዞር ይበሉ። «የክሊዮፓትራ መርፌ» የሚባለው ከ200 ቶን በላይ የሚመዝን ሐውልት ከ1881 ጀምሮ እዚያ ቆሟል። የክሊዮፓትራ አይደለም፤ የሐትሼፕሱትን ሐውልቶች ያስፈረሰው የዚያው የሦስተኛው ቱትሞስ ነው። እሱን ለማየት ቲኬት አያስፈልግም፣ ረቡዕም ይታያል።